በስቶኪንግ የታጠበው ተኩላ

በአማርኛ የላሟ እበት ነው፣ የአህያው ፋንድያ፣ የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ። የተኩላው ምን እንደሚባል ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ስምንት ዓመት እያጠብኩት እንጀራ የበላሁበት ስለሆነ አክብሬ ዓይነ ምድር እለዋለሁ።

ባለፈው ሰኔ ሳን ሆዜ ካለው ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ ከምንለው፣ ጡረታ ወጣሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዬ ትንንሽ ብልቃጦች ላይ ቁጥር መለጠፍና ማሽን ውስጥ መደርደር ነበር። ማሽኑ የእንስሳውን ዘር ራሱ ይናገራል፤ እኔ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የመጨረሻው ቀን መሳቢያዬን ስናጸዳ ከሥር ያልተከፈተ የሴት ስቶኪንግ በደርዘን ተገኘ። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ተያዩ። አንዱ በጨዋነት፣ "ፀዳለ፣ ይሄ የግልሽ ነው?" አለኝ። የግሌ ሳይሆን የሥራ ነው ስለው ይበልጥ ደነገጠ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ስል ነው፤ አማርኛ ባይችልም።

ዲቪ ደርሶን እኔና ባለቤቴ ተክሉ ከልጃችን ከቤቲ ጋር ኦክላንድ ስንገባ ዘጠናዎቹ ተጋምሰው ነበር። አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እዚህ ተክሉ ሳኒቬል የኮምፒዩተር ሰሌዳ የሚገጣጥም ፋብሪካ ገባ፣ እኔ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ሱፐርቫይዘሬ የጋዜጣ ማስታወቂያ አሳየችኝ። "የላብ ረዳት፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልምድ ያለው ይመረጣል" ይላል። የነጭ ጋዋን እጥበት መስሎኝ አፕላይ አደረግኩ።

ኢንተርቪው ያደረገኝ የላቡ ኃላፊ ዶክተር ፔሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ሽታ ትችያለሽ?"

"ሁለት መቶ ክፍል ያለው ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ" አልኩት።

"ሰኞ ጀምሪ" አለኝ። ክፍያው ከሆቴሉ በሰዓት አንድ ዶላር ከሃምሳ ይበልጥ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ላቡ ሳን ሆዜ የተዛወረው በኋላ ነው፤ ያኔ ኦክላንድ ወደብ አጠገብ፣ ድሮ ቲማቲም በቆርቆሮ ይታሸግበት በነበረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ከአገሩ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነውን ተኩላ ከካናዳ አምጥተው ሰሜን ተራሮች ላይ ለቀውት ነበር። ተኩላው ሲመለስ የቆዩት አውሬዎች ሁሉ ተረበሹ። የተራራ አንበሳ አለ፤ ድብ አለ፤ ካዮቲ የሚሉት ቀበሮ መሳይ ሌባ አለ። ማን ምን እንደሚበላና ማን ከማን እንደሚነጥቅ ለማወቅ ሰዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ የእያንዳንዱን ዓይነ ምድር በፖስታ ይልኩልናል። እኛ አጥበን ፀጉሩን እናነባለን። ሥጋው ይፈጫል፤ ፀጉር ግን አይፈጭም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሎርና ትባላለች፤ ያኔ ስድሳ አልፏታል። ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት የፀጉር ካፖርት መሸጫና መጠገኛ ቤት የሠራች ሴት ናት። ሰዉ ለእንስሳቱ ተቆርቁሮ ፀጉር የለበሰ ሰው ላይ ቀለም መድፋት ሲጀምር ሱቁ ተዘጋ፣ ዶክተር ፔሪም እጇን ቀጠረ። ትምህርቷ ሃይስኩል ነው፤ ሆኖም ዶክተሮቹ ሲጣሉ እሷ ጋ ይመጣሉ።

ሎርና ፀጉሩን ወደ ማይክሮስኮፕ ከመውሰዷ በፊት በሁለት ጣቷ መሀል አንከባልላ ጆሮዋ ጋ ትወስደዋለች። "የኤልክ ፀጉር ያለቅሳል" ትለኝ ነበር። ኤልክ ትልቅ አጋዘን ነው፤ ፀጉሩ ወፍራምና ክፍት ነው፣ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የጥጃ ፀጉር ግን ለስላሳ ነው፣ አይሰበርም። ከዚያ መስታወት ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብታ፣ ፀጉሩን አስተኝታ፣ ሲደርቅ በወረንጦ ትላጠዋለች። ፀጉሩ ይነሳና ዱካው ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፣ የእያንዳንዱ እንስሳ የተለየ። ሳርዲን በዳቦ የምትበላው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በግራ በኩል ምሳ፣ በቀኝ በኩል ተኩላ። አንድ ጊዜ "ይሄ ካዮቲ ይመስለኛል" ስላት ወረንጦዋን አስቀመጠች።

"ሴዲ፣ ያየሽውን ንገሪኝ" አለች፤ ፀዳለ ማለት አልሆነላትም። "የመሰለሽን ቤትሽ ሄደሽ ለባልሽ ንገሪው።"

እጥበቱ እንዲህ ነው። ዓይነ ምድሩ ግማሹ እንደደረቀ ይቀመጣል። ሌላው ግማሽ በሽታ እንዳይኖረው በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ስቶኪንግ ውስጥ ይገባል፣ ቁጥር ካለው ቆርቆሮ ጋር ይቋጠራል፣ ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያ። ሳሙናው ቆሻሻውን ሲወስድ ፀጉር፣ አጥንትና ጥፍር ብቻ ይቀራል። እኔ ያንን ሳይ ጫካው ውስጥ የሆነውን አያለሁ። አንበሳዋ አጋዘን ጥላ በቅጠል ትሸፍናለች። ተኩላዎቹ በቡድን መጥተው ያባርሯታል። ድቡ ሲመጣ እነሱም ዘወር ይላሉ። ካዮቲዎቹ ከዳር ሆነው ይሰርቃሉ፣ ሲያዙ ይሞታሉ። ዳኛ የሌለው ቅርጫ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን አልተናገርኩም። "ፀዳለ ላብ ገባች" ሲባል ወንጌላውያኑ ወገኖቼ ሁሉ ሆስፒታል መሰላቸው። እኔም አላረምኩም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰዎች የደም ምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ይሰለፉብኝ ጀመር። "እህት ፀዳለ፣ ኮሌስትሮሌን እስቲ እይልኝ።" ምን ልበል? "ጨው ይቀንሱ" እላለሁ። ለሁሉም ጨው ይቀንሱ ነበር የምለው። አንድ ሰውዬ በእኔ ምክር ስኳሩ እንደወረደለት መስክሯል።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሎርና የዓይኗን ሞራ ልታስነሳ ፈቃድ ወጣች። በዚያው ሳምንት ማሽናችን ተሰበረ። ዶክተር ፔሪ ውጤት ለሚጠብቁ ሰዎች ቃል ገብቷል።

"ተቀቅሏል፣ ንጹሕ ነው" አለኝ። "የሕዝብ ላውንድሪ ውሰጂው።"

የእኛ ሰው የማይደርስበት ብዬ አልባኒ አንዲት ጸጥ ያለች ላውንድሪ መረጥኩ። ሃያ ስቶኪንግ አጠብኩ። ማጠቢያውን ባዶውን ሁለቴ በበረኪና አሽከረከርኩት፤ ከእኔ በኋላ ያጠቡት ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። ማድረቂያው ድራየር ሊጨርስ ሲል ከኋላዬ "ፀዳሌ፣ አንቺ ነሽ?" የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ አረጋሽ ናቸው፤ የጸሎት ቡድናችን መሪ። ለካ አልባኒ አንዲት አሮጊት ይንከባከባሉ፣ የአሮጊቷን ልብስ ሊያጥቡ ነው የመጡት።

"ደህና ዋሉ፣ እትዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ቤትሽ ማሽን የለም እንዴ?"

"የሥራ ቦታው ተበላሽቶ ነው።"

ድራየሩ ቆመ። እትዬ አረጋሽ በመስታወቱ አዩ። ሃያ ስቶኪንግ፣ እያንዳንዱ ተቋጥሮ፣ ውስጡ ፀጉር ያበጠበት። ስከፍተው ሁለቱ ተተርትረዋል። ፀጉሩ ወጥቶ አንድ ላይ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከመሀሉ አንድ ጥቁር ጥፍር ተንከባሎ ጫማቸው አጠገብ ቆመ።

ጥፍሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በኢየሱስ ስም" አሉ።

"የሆስፒታል ነው" አልኩ ተንበርክኬ።

"የማን ፀጉር ነው?"

"የ... የበሽተኛ።"

ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ሳፍር እጄ ይፈጥናል። ብቻዬን ብሆን ሁሉንም ዘግኜ ከረጢት ውስጥ ከትቼ "ተቀላቅሏል" ብዬ እጽፍ ነበር፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ግን እትዬ አረጋሽ ከላዬ ቆመዋል። ከክምሩ በግራ ያለውን አንዱ ስቶኪንግ ውስጥ፣ በቀኝ ያለውን ሌላው ውስጥ ጠቀጠቅኩና ቋጥሬ፣ "ኮል አደርግልዎታለሁ" ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሳነበው አንደኛው ፖስታ ላይ ተኩላ፣ ሌላኛው ላይ የተራራ አንበሳ ተብሎ ተጽፏል። በተኩላው ስቶኪንግ የጥጃ ፀጉር አገኘሁ። በአንበሳዋ የኤልክ። በተኩላው ውስጥ ሁለት የአንበሳ የሚመስል ፀጉርም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጠላቶች አይደሉም እንዴ፣ ነክሷት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሪፖርቱን ፈርሜ ሰጠሁ።

የሁለቱ ፖስታዎች ነገር ምን እንደሆነ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሆን ተብሎ አስቀድሞ አይነገረንም። በእነዚያ ሰሜን ተራሮች፣ ሞንታና በኩል፣ ሚስተር ዴል የሚባል ከብት አርቢ ጥጃ ተበልቶበታል። በሸለቆው ውስጥ የወለደች እናት ተኩላ አለች፣ አንበሳም ታልፋለች። ማን በላው የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ መጣ፣ እኔም መለስኩ። ዶክተር ፔሪ፣ "በአንቺ ውጤት መሠረት ተኩላዋ ልትወገድ ነው" አለኝ።

ተናገሪ የሚል ድምፅ ነበረ፤ ሥራሽን ታጫለሽ የሚልም ነበረ። ምናልባት ትክክል ገጥሜው ይሆናል አልኩ ለራሴ። የሚቀጥለውን ፖስታ ከፈትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ አረጋሽ ሌሎች ሁለት እናቶችና አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ይዘው ቆመዋል። ተቀመጡ። ሻይ አንጠጣም አሉ፤ ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት።

"ፀዳሌ" አሉ እትዬ አረጋሽ፣ "እኛ ልንፈርድብሽ አልመጣንም። ሰው ሲቸግረው ብዙ ቦታ ይሄዳል። ግን ፀጉር መቋጠር፣ ጥፍር መቋጠር... ማን ነው ያሠራሽ?"

"ምኑን?"

"መተቱን።"

ተክሉ ሳቁን ሊውጥ ወደ ኩሽና ሄደ። የዘጠኝ ዓመቷ ቤቲ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ "ኢትስ ጀስት ዎልፍ ፑፕ" አለች፤ የተኩላ ዓይነ ምድር ነው እኮ ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አሉ አንደኛዋ እናት።

ሌላ መንገድ አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ተኩላውን፣ ስቶኪንጉን፣ ሆስፒታል አለመሆኑን፣ የኮሌስትሮሉን ጨው። ሲሰሙ ቆዩ። በመጨረሻ አንደኛዋ እናት ተንፍሰው፣ "እሺ፣ ከመተት ይሻላል" አሉ። የዘይቱ ጠርሙስ ቦርሳ ውስጥ ተመለሰ፤ ሻይም ተጠጣ።

እትዬ አረጋሽ ግን ሻያቸውን ሲያማስሉ ቆዩና፣ "አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ። "ያን ቀን መሬት ላይ የተበተነውን የትኛው የማን እንደሆነ በምን ለየሽው?"

ሦስቱም አዩኝ። ክፉ አስበው አልነበረም የጠየቁት፤ ሙያውን ለማወቅ ነው።

"አለየሁትም" አልኩ።

"ታዲያ?"

ታዲያ የሚለው ቃል እስከ ሰኞ አልለቀቀኝም። ሰኞ ሎርና አንድ ዓይኗን በፋሻ ሸፍና ተመልሳ ነበር። ጋዋኗን ሳታጠልቅ ነገርኳት። አልጮኸችም። የምሳዋን ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ስትሠራ ምሳዋን ስታነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"የተቀመጠውን ግማሽ አምጪ" አለች።

የሁለቱንም ደረቅ ግማሽ ቀቀልነው፣ በእጃችን ገንዳው ውስጥ አጠብነው። አንዱን ፀጉር ከተኩላው አነሳች፣ አጠፈችው። ቀጭ አለ። ሌላ አነሳች፣ ቀጭ። የኤልክ ብቻ ነው። ከአንበሳዋ ያነሳችው ለስላሳ ነበር። ቀይ ቡናማ፣ የጥጃ።

ዶክተር ፔሪ ይህን ሲሰማ ሞንታና ደወለ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁለታችንም ሰማን። ብዙ አላወራም። "መቼ?" አለ። ከዚያ "ገባኝ" ብሎ ዘጋ። ተኩላዋን ዓርብ ጠዋት ተኩሰው ገድለዋታል።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ተኩላ አለቀስኩ ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ያችን ተኩላ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ግን ምን እንደበላችና ግልገሎቿን በምን እንዳሳደገች የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በሐሰት የመሰከርኩባትም እኔ ነኝ።

ዶክተር ፔሪ የተስተካከለ ሪፖርት ይበቃል አለ። ሎርና አልተስማማችም። "ለከብት አርቢው በእጅሽ ጻፊለት" አለችኝ። "ማሽን ተሰበረ አትበይ። እትዬ እንትና ቆመውብኝ ነበር አትበይ። ምን እንዳደረግሽ ብቻ ጻፊ።" በዚያ እንግሊዝኛዬ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ቤተ ክርስቲያን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። በሚቀጥለው እሑድ የጋራ ምሳ ነበር፤ ይዤ የሄድኩት ድፎ ዳቦ ጫፉ እንኳ ሳይነካ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ከግራና ከቀኙ እየዘለለ ሳህኑን ይሞላል። የኮሌስትሮል ወረቀት የያዘም አልነበረም። እትዬ አረጋሽ መጡ፣ ዳቦውን አዩ፣ ሰውን አዩ። አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆርሰው ቆመው በሉ። ሲጨርሱ፣ "እጇን ከእናንተ ሁሉ የበለጠ የምትታጠብ እሷ ናት" አሉ። ከዚያ ዳቦው አለቀ።

ሚስተር ዴል ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው።

"ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ሠላሳ ዓመት ከየቢሮው ደብዳቤ ሲመጣልኝ ኖሯል። 'ተሳስቻለሁ' የሚል አንድም አልነበረም። ሚስቴ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ይተኩሷት ብዬ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ። ያንን አንቺ አትውሰጂው።"

አመሰገንኩት። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። "እኔ ራሴ ያገኘሁትን ብልክልሽ ታይልኛለሽ?"

በወሩ የገና ሪባን የታሰረበት የብስኩት ቆርቆሮ በፖስታ መጣ። ዶክተር ፔሪ ሻዩን ይዞ በደስታ ከፈተው። ከዚያ በኋላ ከሞንታና የሚመጣ ስጦታ ሁሉ እኔ እንድከፍተው ታዘዘ።

ሚስተር ዴል ሸለቆውን እየዞረ ያገኘውን ሁሉ ይልክ ነበር። የተኩላዋ ግልገሎች ከአባታቸው ጋር ወደ ሰሜን እንደሄዱ ሰማን። በዚያ ክረምት ከቆርቆሮው የወጣው ሁሉ ካዮቲ ነው። ካዮቲ፣ ካዮቲ፣ አንድ አንበሳ፣ ደግሞ ካዮቲ። ውስጡ የጥንቸል ፀጉር፣ የበግ ጠጉር፣ አንዳንዴም የሚስቱ ዶሮ ላባ። ውጤቱን ስነግረው፣ "እሷ እያለች አንድ ካዮቲ ጠጋ ብሎ አያውቅም ነበር" ይላል።

እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። ሎርና ዓይኗ ተሽሏት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ትመጣለች። አንድ የጸደይ ማክሰኞ የመጣው ቆርቆሮ ከበድ ያለ ነበር። ከቆርቆሮው ሳወጣው በጣቴ ለካሁት፤ የካዮቲ ይህን ያህል አይወፍርም። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ነጭ ሳህን ላይ ዘረጋሁት። የኤልክ ፀጉር ነበረበት። ራሱን ሲልስ የዋጠው የተኩላ ፀጉር ነበረበት። ከመሀሉ ደግሞ ሌላ ዓይነት፣ ጫፉ ጥቁር፣ ወገቡ ነጭ፣ ሥሩ ግራጫ። ተኩላ ካዮቲን ይገድላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይበላውም፤ ሲነክስ ግን ፀጉር ይውጣል። ሦስት ዱካ አነሳሁና ለሎርና ሰጠኋት። ስም አልጠራሁም። ከወትሮው የበለጠ ጊዜ ወስዳ አየች።

"ምን አየሽ?" አለችኝ።

"ካዮቲ የነከሰ ተኩላ።"

"እኔም" አለችና ስልኩን ገፋ አደረገችልኝ።

ያነሳው ሚስተር ዴል ራሱ ነበር።

"ጌታዬ፣ ሸለቆዎ ውስጥ ተኩላ አለ" አልኩት።

ተኳሾቹን ለመጥራት ካሰበ፣ ስልካቸው ደብዳቤዬ የተለጠፈበት ፍሪጅ አጠገብ እንደሚሆን አሰብኩ። ከዚያ አፉን ከስልኩ ዞር አድርጎ፣ "ተመልሷል ትላለች" አለ። ከሩቅ የሴት ድምፅ መለሰ፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም።

"ሚስቴ ናት" አለኝ። "ጥጆቹን ዛሬውኑ ወደ ቤት ጠጋ እናድርጋቸው ትላለች።"